ወይን፥ ትርንጎና ኮክ፤ ለማኅበር የፍሬ ቦታ የጥንቱን ዘር ስለ መፈለግ

አንድ ደብር፥ አንድ ማኅበር ወይም አንድ ሰፈር በጋራ መሬት ላይ የፍሬ ዛፍ ለመትከል ባሰበ ጊዜ፥ አስቀድሞ የሚያከራክረው የመሬቱና የውሃው ነገር ነው። የዛፉ ነገር ግን ቀላል መስሎ ይታያል፤ ከችግኝ ጣቢያ ሄዶ መግዛት ነውና። እንዲህ ሲደረግ የሚተከለው በአብዛኛው ቫሌንሲያ ወይም ዋሽንግተን ኔቭል የተባለው ብርቱካን፥ ሐስ የተባለው አቮካዶ፥ በደጋም ከሆነ አና የተባለው ፖም ይሆናል። እነዚህ መልካም ዛፎች ናቸው፤ እነርሱን ማጥላላት የዚህ ጽሑፍ ሐሳብ አይደለም። ነገር ግን አያቶቻችን በየደብሩ ቅጥርና በየጓሮው ሲጠብቁት የኖሩት ትርንጎ፥ ኮክ፥ ሎሚ፥ ሮማንና ወይን ከየት ይገኛል ብሎ የሚጠይቅ ማኅበር ቢነሣ፥ መልሱን ከገበያ አያገኘውም። ፍለጋው ከታሪክ ይጀምራል፤ ምክንያቱም የዛፉን መንገድ የማያውቅ ሰው ዛፉን ራሱን ከፊቱ ቆሞ ሳለ ሊያልፈው ይችላል። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

ከወይን እንጀምር። አገራችንን ቈላ፥ ወይና ደጋና ደጋ ብሎ መክፈል ከጥንት የመጣ ልማድ ነው፤ መካከለኛው ክፍል ግን ስሙን ከምን እንዳገኘ ብዙ ሰው ሳያስተውል ያልፋል። ወይና ደጋ ማለት ወይን የሚበቅልበት ደጋ ማለት ነው። ከባሕር ወለል በላይ ከ1500 እስከ 2300 ሜትር ገደማ ያለው ይህ ምድር ለጤፉም ለቡናውም የተስማማ ሆኖ ሳለ፥ ስሙን የወሰደው ከሁለቱ ከአንዱ ሳይሆን ዛሬ በጥቂት ቦታ ብቻ ከሚታይ ሐረግ ነው። ስም ከተክል ይልቅ ዕድሜ አለውና። ቢሆንም ከስሙ ብቻ ተነሥቶ አገሩ ሁሉ በወይን የተሸፈነ ነበር ማለት አይገባም። በመጀመሪያው ምእተ ዓመት ተጻፈ የሚባለው የኤርትራ ባሕር የጉዞ መጽሐፍ፥ ወደ አዱሊስ ከሚገባው ሸቀጥ መካከል የላኦዲቅያንና የኢጣሊያን የወይን ጠጅ፥ ብዙ አይደለም እያለ፥ ይቈጥራል። የውጭ ጠጅ መግባቱ ወይን በአገሩ አልነበረም ለማለት አያስችልም፤ ነገር ግን የአክሱም መኳንንት ጠጁን ከባሕር ማዶ ይሹት እንደ ነበር ያሳያል።

ከዚያ በኋላ ግልጥ ምስክር የምናገኘው ከፖርቱጋላዊው ቄስ ከፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ነው። እርሱ በ1520 ከመልእክተኞች ጋር መጥቶ እስከ 1526 በዐፄ ልብነ ድንግል ግዛት ቈየ፤ መጽሐፉም በ1540 በሊስቦን ታተመ። ወይንና ኮክ፥ ሎሚና ትርንጎ በመንገዱ ላይ እንዳገኘ ጽፎአል። ለቍርባን የሚሆነው ወይንም ከደረቀ ዘቢብ፥ በውሃ ተዘፍዝፎና ተጨምቆ ይዘጋጅ እንደ ነበር ያስረዳል። ይህ ሁለተኛው ቃል ለእኛ ጕዳይ ከመጀመሪያው ይበልጣል። ቤተ ክርስቲያን የወይን ፍሬ የግድ ያስፈልጋታል፤ የሚያስፈልጋት መጠን ግን ጥቂት ነው፥ እርሱም ደርቆ ሊቀመጥ ይችላል። ስለዚህ አንድ ደብር ሰፊ የወይን ቦታ ሳይኖረው በቅጥሩ ጥግ ባለች አንዲት ሐረግ ሊብቃቃ ይችል ነበር። እንደሚመስለኝ፥ ዘቢብ ከነጋዴ እጅ በቀላሉ የሚገዛ ሲሆን ያችን ሐረግ የሚገርዛትና የሚደግፋት ሰው እየጠፋ ሄደ። ከጣና ሐይቅ በስተ ምሥራቅ ያለው አገር በወይኑ የታወቀ እንደ ነበር መንገደኞች ጽፈዋል፤ ዛሬ በዚያ የሚሄድ ማኅበር ግን ተራራውን በወይን ተሸፍኖ አገኛለሁ ብሎ ሳይሆን፥ በአንድ ቤተ ክርስቲያን አጥር ላይ የተጠመጠመች አሮጊት ግንድ አገኝ ይሆናል ብሎ መሄድ ይገባዋል።

ሎሚውንም ትርንጎውንም ያመጡት ፖርቱጋሎች ናቸው የሚል አነጋገር ባገራችን ይሰማል፤ ሕንፃ ሁሉ፥ ድልድይ ሁሉ የፖርቱጋል ነው እንደሚባለው ማለት ነው። ይህ አነጋገር በራሱ በፖርቱጋላዊው ጽሑፍ ይፈርሳል፤ እርሱ ሲደርስ ዛፎቹ ቆመው ያፈሩ ነበርና። ስሞቹም ሌላ መንገድ ያመለክታሉ። ትርንጎ ዐረቦች ቱሩንጅ፥ ፋርሶችም ቱራንጅ ከሚሉት ጋር አንድ ነው። ሎሚም ከዐረብኛው ሊሙን፥ ኮክም ዐረቦች ኸውኽ ከሚሉት ጋር ይዛመዳል። ሮማንና ወይን ደግሞ ከዚህ ሁሉ የቀደሙ፥ ግእዝ ከሴማውያን እኅቶቹ ጋር የሚካፈላቸው ቃላት ናቸው። እንግዲህ አብዛኞቹ ፍሬዎች ከቀይ ባሕር ማዶ፥ በነጋዴና በመነኵሴ እጅ፥ በልዩ ልዩ ዘመን የገቡ መሆናቸውን መገመት ይቻላል። ፖርቱጋሎች ስማቸውን ያተረፉት በአንድ ፍሬ ነው፤ እርሱም ብርቱካን ነው። ቃሉ የፖርቱጋል ስም ሲሆን፥ እርሱም ቢሆን በቱርኮችና በዐረቦች አፍ ዞሮ የመጣ ነው።

የስም ነገር ከታሪክ ጸሓፊ ይልቅ ዘር ፈላጊውን ያስቸግረዋል። በግእዝ መጻሕፍት በለስ ማለት አዳምና ሔዋን ቅጠሉን የሰፉት ዛፍ ነው። በትግራይ በለስ ብሎ የጠየቀ ሰው ግን የሚመጣለት በ19ኛው ምእተ ዓመት በሚሲዮናውያን እጅ ገባ የሚባለው፥ መገኛው ሜክሲኮ የሆነው እሾኻም ቍልቋል ነው። ዘይቱን በዐረብኛ ወይራ ነው፤ በሐረርና በድሬዳዋ ግን በአሜሪካ ምድር የበቀለው፥ ውስጡ ፍሬያማ የሆነው ጣፋጭ ፍሬ ነው። እንጆሪ ቀድሞ በየገደሉ የሚበቅለው ባለ እሾኽ ቍጥቋጦ ፍሬ ነበር፤ ዛሬ በከተማ ሰው አፍ ከመሬት ላይ የሚሳበው የፈረንጅ ፍሬ ሆኖአል። ካዝሚር ከመካከለኛው አሜሪካ ከሊቃውንት ስሙ ጋር ገባ፤ ፖምም ከጣልያንኛ ተወሰደ። ስለዚህ በአንድ መቶ ዓመት ዕድሜ ባለው ጽሑፍ በለስ ወይም እንጆሪ የሚል ቃል ያገኘ ሰው፥ ጸሓፊው የየትኛው አገር ሰው እንደ ሆነና በምን ዘመን እንደ ጻፈ ሳይመረምር ዛፉን ልፈልግ ብሎ አይነሣ። የወልደ ሚካኤል ቀለቻ የዕፀዋት ስሞች መዝገብ፥ በተለይ በ1987 የወጣው አራተኛው እትም፥ ለዚህ ሥራ ከፍ ያለ ርዳታ ይሰጣል፤ አንዱን ተክል በልዩ ልዩ ቋንቋዎቻችን ስለሚያመለክት። ቢሆንም ከመዝገብ ሁሉ የሚበልጠው፥ ሽማግሌዎቹን ስሙን ከመጠየቅ በፊት ዛፉን አሳዩኝ ማለት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ችግር እንምጣ። ስንዴና ገብስ ዘራቸው በከረጢት ይጓዛል፤ የፍሬ ዛፍ ግን እንዲህ አይደለም። የሩሲያው ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ በ1927 ኢትዮጵያን ከጅቡቲ ተነሥቶ በአዲስ አበባና በጎንደር በኩል እስከ አስመራ ሲያቋርጥ፥ ዐይኑ በእርሻ ሰብል ላይ ነበር፤ አገራችንንም ከዓለም ጥቂት የሰብል መገኛዎች አንዷ አድርጎ ጻፋት። ያው ሰው በ1929 ወደ አልማ አታ ሄዶ በቲየን ሻን ተራራ ጥግ የዱር ፖም ደን አየ፤ በዚያም በፍሬው ዐይነት መብዛት ተደነቀ። ሁለቱ ጉዞዎች ሁለት ትምህርት ይሰጣሉ። ከስንዴው ማሳ ዘሩን ሰብስቦ ማስቀመጥ ይቻላል። የፖም ፍሬ ግን ከውስጡ ያለውን ዘር ቢተክሉት እናቱን የሚመስል ልጅ አይሰጥም፤ እያንዳንዱ ፍሬ አዲስ ዐይነት ይሆናል። አንድን የፖም ዐይነት ማቈየት የሚቻለው ቅርንጫፉን ቈርጦ በሌላ ግንድ ላይ በማጣበቅ ብቻ ነው። ስለዚህም ዛፉ ሲሞት ቅርንጫፉን አስቀድሞ የወሰደ ሰው ከሌለ፥ ዐይነቱ ከዓለም ይጠፋል። እንግሊዞች በኬንት አውራጃ በብሮግዴል ከ2000 የሚበልጥ የፖም ዐይነት በሕይወት ተክለው የሚጠብቁት በዚህ ምክንያት ነው። ቫቪሎቭ ራሱ በ1940 ታስሮ በ1943 በሳራቶቭ እስር ቤት ሞተ።

በእኛ አገር በ1976 የተመሠረተው የዕፀዋት ዘር ማዕከል፥ ዛሬ የኢትዮጵያ ብዝኀ ሕይወት ኢንስቲትዩት የሚባለው፥ በዓለም ዘንድ የተመሰገነ ሥራ ሠርቶአል፤ ከ1979 ጀምሮ የመሩት ዶክተር መላኩ ወረደም በ1989 ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝተዋል። ነገር ግን የማቀዝቀዣ ቤት ለጤፍና ለማሽላ እንጂ በቅርንጫፍ ለሚራባ የፍሬ ዛፍ መፍትሔ አይሆንም። እንዲህ ያለው ዛፍ በሕይወት ቆሞ መጠበቅ አለበት፤ ለቡናም በጅማ አካባቢ በጮጬ እንዲሁ ተደርጎለታል። ለደብሩ ትርንጎ ግን የሚጠብቀው ደብሩ ራሱ ነው፤ የማኅበር የፍሬ ቦታም ጥቅሙ እዚህ ላይ ይታያል።

ሁሉም ፍሬ እንደ ፖም አስቸጋሪ አይደለም፤ ይህን መለየት ብዙ ድካም ያድናል። ኮክ በራሱ አበባ ስለሚፀንስ፥ ከዘሩ የበቀለው ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ከእናቱ ብዙ አይርቅም። የደጋው ኮክ በጓሮ ለጓሮ፥ ፍሬው ተበልቶ ዘሩ በመጣሉ ብቻ፥ ይህን ሁሉ ዘመን መልኩን ይዞ የኖረ በዚህ ነው። ሎሚ ደግሞ ከዚህም ይደንቃል፤ በአንዲት ዘር ውስጥ ብዙ ፅንስ ይገኛል፥ አብዛኞቹም ከእናቲቱ ሥጋ ብቻ የተገኙ በመሆናቸው እናታቸውን ይመስላሉ። ትርንጎ ግን በዘሩ ውስጥ አንድ ፅንስ ብቻ አለው። ብቻውን የቆመ ትርንጎ በራሱ ሲፀንስ ልጁ ብዙ አይለወጥም፤ ከሎሚና ከብርቱካን መካከል የቆመ ትርንጎ ግን ልጁ ምን እንደሚሆን አይታወቅም። ስለዚህ ትርንጎን ከቅርንጫፍ መትከል ይሻላል፤ ቅርንጫፉ በቀላሉ ሥር ይሰዳልና። በዚህ ላይ አንድ ነገር ላንሣ፤ አይሁድ ለዳስ በዓል የሚይዙት ትርንጎ በሌላ ግንድ ላይ የተጣበቀ እንዳይሆን ሕጋቸው ይከለክላል። ሕጉ የሃይማኖት ነው፤ ሥራው ግን በየመንና በሞሮኮ የቀድሞዎቹን የትርንጎ ዐይነቶች ሳይቀላቀሉ አቈይቶአቸዋል። ሮማንና ወይን ከቅርንጫፍ መበቀላቸውን ገበሬ ሁሉ ያውቀዋል።

ሾላንም ሳልጠቅስ ማለፍ አልወድም፤ ምንም እንኳ ሰው የተከለው ፍሬ ሳይሆን ከአገሩ ጋር የተፈጠረ ቢሆን። ነቢዩ አሞጽ ሾላ የሚያበጅ ነኝ ያለውን ለማስተዋል የእኛን ሾላ ከግብፅ ሾላ ጋር ማነጻጸር ይጠቅማል። በምሥራቅ አፍሪካ ሾላን የምታፀንስ ትንሽ ተርብ ስላለች ዛፉ ዘር ይሰጣል፤ በግብፅና በፍልስጥኤም ያች ተርብ ባለመኖርዋ ገበሬው ፍሬውን በቢላዋ እየጫረ ያበስለዋል፥ ዛፉንም በቅርንጫፍ ይተክለዋል። አሞጽ ያበጅ የነበረው ይህንኑ ሳይሆን አይቀርም።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው ነገር ደስ አያሰኝም፤ መታለፍ ግን የለበትም። ቅርንጫፍ ዐይነቱን ብቻ ሳይሆን በሽታውንም ይዞ ይሄዳል። ትሪስቴዛ የሚባለው፥ ትርጓሜውም ኀዘን የሆነው የሎሚ ወገን በሽታ፥ ከ1930ዎቹ ዓመታት ጀምሮ በብራዚልና በአርጀንቲና በሚሊዮን የሚቈጠሩ ዛፎችን ጨረሰ፤ በኢትዮጵያም መኖሩ ታውቆአል። በሽታው በቅርንጫፍና በትንንሽ የዛፍ ቅማሎች ይተላለፋል፤ በዘር ግን አይተላለፍም። ሎሚንና ብርቱካንን ከዘር የማብቀል የአባቶቻችን ልማድ፥ ፍሬ ለማየት ብዙ ዓመት ስለሚያስጠብቅ ዘመናዊ ሰው የሚንቀው ልማድ፥ ሳይታወቅ ከዚህ በሽታ መከላከያ ሆኖ ኖሮአል። እንግዲህ አንድ ማኅበር ከሩቅ ደብር የሎሚ ቅርንጫፍ በፌስታል ቋጥሮ በአውቶቡስ ቢያመጣ፥ የቀድሞውን ዘር አዳንሁ ሲል የሰፈሩን ዛፍ ሁሉ ሊገድል ይችላል። ሎሚውን ከዘር፥ ትርንጎውን ደግሞ ጤናማ መሆኑ በባለሙያ ከተመረመረ ዛፍ መውሰድ ይገባል። የተመራማሪ እርዳታም ከተገኘ መልካም ነው፤ በመልካሳ ያለው የእርሻ ምርምር ማዕከል በፍሬ ዛፍ ላይ ብዙ ዘመን የሠራ ነው።

ዛፎቹ ዛሬ የት አሉ? ከሁሉ አስቀድሞ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር። የዘጌ ልሳነ ምድር ለዚህ የታወቀ ምሳሌ ነው። በአካባቢው እንደሚነገረው፥ አቡነ በትረ ማርያም በትራቸውን በሦስት ሰብረው ቢተክሉት አንዱ ቡና፥ አንዱ ጌሾ፥ አንዱ ሎሚ ሆነ፤ በዚያ ምድርም በሬ እንዳይጠመድ፥ እርሻ እንዳይታረስ ተወሰነ። ትውፊቱን እንደ ታሪክ ቃል በቃል የሚወስደው ሰውና እንደ ተረት የሚንቀው ሰው ሁለቱም ይሳሳታሉ። የአካባቢው ሰው ከቡናና ከጌሾ ጋር ሎሚን ከቅዱሱ እጅ የተቀበለው አድርጎ ሲቈጥር፥ ሎሚ ለዚያ ሕዝብ የጓሮ ጌጥ ሳይሆን የኑሮ መሠረት እንደ ነበር መመስከሩ ነው። የማረስ ክልከላውም ደኑን አቈየ፤ ሰዎቹም ኑሮአቸውን ከእህል ሳይሆን ከዛፍ እንዲያገኙ አስገደደ። ከሌሎቹ የሰሜን አውራጃዎች ግን ደኑ ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር ወዲህ በአብዛኛው ጠፍቶአል። ዓለማየሁ ዋሴ በደቡብ ጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ደን ላይ ያደረጉት ጥናት፥ ከብት በሚገባበት ቅጥር ቡቃያ ለማደግ እንደሚቸገር አሳይቶአል። ይህ ማለት ትልልቆቹ ዛፎች ቆመው ሳለ ተተኪ ሳይኖራቸው ሊያረጁ ይችላሉ ማለት ነው። ፈላጊው የሚጣደፍበትም ምክንያት ይህ ነው።

ሁለተኛው ቦታ ሐረር ነው። በ1855 ከተማዋን ለ10 ቀን ያየው ሪቻርድ በርተን ከቅጥሩ ውጭ ስለ ነበሩት የአትክልት ቦታዎች ጽፎአል። የሐረር ሰው ዛፍ የመትከል ዕውቀት ከሰሜኑ ደብር ዕውቀት በምንም አያንስም፤ ጠባቂው ግን ገዳም ሳይሆን ቤተሰብ ነው፥ የአንዱ ቤት ዛፍም ከአባት ለልጅ ያልፋል። አሁን በዙሪያው ጫት እየሰፋ ቡናውን ሲተካ፥ ከቡናው ጋር በጥላው ሥር የነበሩት የፍሬ ዛፎችም አብረው ይነቀላሉ። ገበሬውን ስለዚህ መውቀስ አይቻልም፤ ጫት በየቀኑ ይሸጣል፥ ሮማን ግን በዓመት አንድ ጊዜ። ዛፉን ከመነቀሉ በፊት የሚደርስለት ሰው ግን ያስፈልጋል።

አንድ አንባቢ ስለ ጨንቻ ፖም ይጠይቀኝ ይሆናል። በ1950ዎቹ ሚሲዮናውያን ወደ ጋሞ ደጋ ያስገቡት ፖም የጥንት ዘር ይባላል ወይ? እኔ አዎ እላለሁ፥ ለጨንቻ ማኅበር ከሆነ። ትርንጎም አንድ ቀን እንግዳ ነበረ። ሰባ ዓመት ያህል በአንድ ብርድና በአንድ ዝናብ የተፈተነ፥ ገበሬውም ለይቶ የሚያውቀው ዛፍ፥ ዘንድሮ ከውጭ ከመጣ ችግኝ ይልቅ የዚያ ምድር ነው። በጎንደር ለሚተከል የማኅበር ቦታ ግን እርሱን የጥንት ዘር ብሎ ማምጣት ትርጕም የለውም።

የሰውን ዘር የሚወስድ ሰው ፈቃድ ይጠይቅ። ከደብር ከሆነ አለቃውንና ሰበካ ጉባኤውን፥ ከጓሮ ከሆነ ባለቤቱን። ስለ ዕፀዋት ዘርና ስለ ማኅበረሰብ ዕውቀት በ2006 የወጣው አዋጅ ቍጥር 482፥ የአካባቢ ሰዎች እርስ በርሳቸው በልማዳቸው ዘር እንዲለዋወጡ መብታቸውን ይጠብቃል፤ ከዚያ ወጥቶ ለንግድ ወይም ወደ ውጭ አገር የሚሄድ ከሆነ ግን ፈቃድ ያስፈልገዋል። ሕጉ ባይኖርም እንኳ፥ መነኰሳቱ ያቈዩትን ቅርንጫፍ ቈርጦ ሳይናገሩ መሄድ ነውር ነው። ለሰጠው ደብር ከበቀለው ችግኝ አንዱን መልሶ መስጠት ተገቢ ነው፤ የእነርሱ ዛፍ ሲወድቅ ልጁ በቅጥሩ ይገኛልና።

ዛፉን ለማየት የሚኬደው ፍሬ ባለበት ወራት ይሁን፤ ቅጠል ብቻ አይቶ ትርንጎን ከሌላው የሎሚ ወገን መለየት ለለመደም ያሳስታል። ከአንድ ዛፍ ብቻ አይወሰድ፤ ኮክ ከሆነ ከተራራቁ ጓሮዎች ዘር ይሰብሰብ፥ ዐይነቱ ሰፊ ይሆን ዘንድ። ስለ ዕድሜው የሚነገረውን በጥንቃቄ መስማት ይገባል፤ በንጉሡ ዘመን የተተከለ ነው የሚባል ዛፍ ሁሉ በዚያ ዘመን አልተተከለም፥ ኮክ እንደ ወይራ ረዥም ዕድሜ የለውምና። ሊሆን የሚችለው ግንዱ ሳይሆን ዘሩ የቈየ መሆኑ ነው፤ ይህም ለፈላጊው በቂ ነው። ከዛፉ ሥር ቆሞ የሚጻፈው የመዝገብ ቃልም፥ የቦታው ስም፥ ከፍታው፥ የሰጠው ሰው ወይም ደብር፥ ዛፉ በዚያ አካባቢ የሚጠራበት ስም፥ ፍሬው የሚደርስበት ወር፥ ለምን እንደሚበላ ወይም ለምን መድኃኒት እንደሚሆን፥ በዘር ወይም በቅርንጫፍ መወሰዱ፥ ይህ ሁሉ በዚያው ቀን ይጻፍ። በማኅበሩ ቦታ ላይም ከእያንዳንዱ ዐይነት ቢያንስ ሁለት ዛፍ፥ በተራራቀ ስፍራ፥ አንዱም ከውሃው በላይ ሌላውም ከውሃው በታች ይተከል።